ዐሥር እርምጃ ከኋላ

ደብረ ብርሃን ጠዋት፣ ብርዱ ጆሮ ሲልጥ፣
ዐሥራ አራት ሆነን ቆምን፣ ጥቁር ጨርቅ ስንመርጥ።
"ዐይናችሁን እሰሩ" አለ መምህር ደምሰው፣
የራሱ ማየት ካቆመ ሃያ ዓመት ያለፈው።
"ማስተማር ልትማሩ መጣችሁ፤ እሱን አውቃለሁ፤
እኔ ግን ከሁሉ በፊት መጥፋት አስተምራችኋለሁ።"

ጨርቁ የሳሙና ሽታ፣ የሌላ ሰው ላብ ነበረው፤
ቋጠሮውን በጣቱ ዳሶ፣ ደግሞ ስቦ አጠበቀው።
ነጭ ዘንግ እጄ ላይ አኖረ፣ ቀላል እንደ ሸምበቆ፣
"ምርኩዝ አይደለም፣ ልጄ፣ አትደገፊው" አለ ስቆ፤
"ጣትሽ ነው፣ የረዘመ። ግራ ሲረግጥ እግርሽ፣
ጫፉ ቀኙን ይጠይቅ፤ አትቸኩይ በልብሽ።"

ወጣሁ።
ተወልጄ ባደግሁባት፣ ሠላሳ ዓመት በኖርኩባት፣
ከዳቦ ቤት እስከ ማደያ መንገድ ጠፋኝ ያን ጠዋት።
ባጃጅ ከግራዬ ሲያጓራ፣ ከቀኜ አህያ ስታናፋ፣
የማውቀው ማዕዘን ሁሉ ከእግሬ ሥር ተነቅሎ ጠፋ።
ክዳን ከሌለው ቦይ አፋፍ የዘንጌ ጫፍ ባዶ ነካ፤
ዐይኔ እያለ መቶ ጊዜ ሳላየው ነው የዘለልኩት ለካ።

"ምስኪን!" አለ አንድ ድምፅ፤ ክንዴን ጨምድዶ ያዘና፣
ልሻገር ያላልኩትን መንገድ አሻገረኝ፤ እኔ ገና
"ቆይ" ሳልል፣ መዳፌ ላይ ቀዝቃዛ ነገር አኖረ፤
"አይዞሽ" ብሎኝ ሄደ።
የአንድ ብር ሳንቲም ነበረ።

ለደምሰው ነገርኩት ማታ። "ያዢው፣ የመጀመሪያ ደሞዝሽ ነው፤
እኔማ ጫማ ገዝቼበታለሁ፣ ያደረግሁት ይኸው።"

በስድስተኛው ሳምንት ፀሐይን በጉንጬ አነበብኩ፤
ቀኜን በጠዋት ስታሞቀኝ፣ ፊቴ ወደ መሐል ሜዳ ነው አልኩ።
ግድግዳ ሲያልቅ ድምፅ ይሰፋል፤ በር ሲከፈት አየር ይተነፍሳል፤
ከብርድ ልብስ ፋብሪካው አጥር ሥር መሬቱ ያጉረመርማል።

ይህ ቀላሉ ነበረ።
ከባዱ ዐይኔን ስፈታ ነው የጀመረ።

ወይዘሮ አጸደን ሰጡኝ። ከመንዝ የወረዱ፣
የበግ ጠጉር ፈትለው ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የሚሄዱ፣
በእህታቸው ልጅ ትከሻ፤ ዘጠኝ ዓመት።
ልጅቷ አገባች።
ትከሻውም አብሯት ሄደ።

ሁለት ወር ጎን ለጎን ሄድን፣ ዘንጋቸው ዘንጌን እየነካ።
ከዚያ ደምሰው ጠራኝ፦ "አሁን ተያቸው።
ዐሥር እርምጃ ከኋላ። ከመኪና በቀር ለምንም አትጩኺ፤
ቢሳሳቱ፣ ስሕተታቸውን ከእጃቸው አትንጠቂ።"

ቅዳሜ ደረሰ። ልቃቂቱን በከረጢት አንጠልጥለው ወጡ፤
ዳቦ ቤቱን በአፍንጫቸው፣ ፋብሪካውን በእግራቸው እያወቁ መጡ።
ከዚያ ያ ቦይ።

ዘንጋቸው ባዶ ነካ። ቆሙ።
ምላሴን ነከስኩ።
እጄ ሳላዘው ተዘርግቶ አየሁት፤
ክንዴን የጨመደደው ያ ሰውዬ
ለካ እኔ ውስጥ ነበር የተቀመጠው፣ "ምስኪን" ሊል አፉን ከፍቶ።
እጄን መለስኩ፤ ከኪሴ፣ ከሳንቲሙ ጋር ወሸቅሁት።

እሳቸው አልቸኮሉም።
የቦዩን ወርድ በዘንግ ለኩ፣ ማዶውን ቆረቆሩ፣
ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ አንዴ ተራምደው ተሻገሩ።
አንድ ጎረምሳ ሮጦ መጣ፣ "እማማ፣ ልያዝዎት?" አለ።
"ምን ሠርቼ ልያዝ?" አሉት፤ ጎረምሳው ደንግጦ ቀለለ።

ከጠጉር ተራ ደረሱ። ተቀመጡ። ፈትላቸውን ዘረጉ።
እኔ ከበርበሬ ከረጢት ኋላ ተሸሽጌ፣ ትንፋሼን ይዤ፣
አንድ ሰው ላቅፍ እየፈለግሁ፣ የማቅፈው ግን አጥቼ።
ፊታቸውን ወደኔ መለሱ፤ ልክ ወደኔ።

"አንቺ ልጅ፣ የቀኝ ጫማሽ ሶሉ ተገንጥሏል፤
ከቤቴ ደጃፍ ጀምሮ ጧ፣ ጧ ሲል መጥቷል።
ለሚቀጥለው ቅዳሜ፣
ወይ አሰፊው፣ ወይ ቅሪ።"

ጫማ ሰፊው ጥግ ላይ ነበር። ያችን አንድ ብር ሰጠሁት፤
ገልበጥ አድርጎ አያት። "ይቺ ለክርም አትበቃ" አለኝ።